ለወንዙ እንጂ ለጭራሮው አይደለም

ሌምፒ ኬስኪታሎ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። በሚሺጋን ሰሜናዊ ጫፍ፣ መንገዱ መስታወት በሚሆንበት የክረምት ማለዳ፣ የሰው ልጆች አሳፍሮ ቁልቁለት የወረደ ሰው በትንሽ በትልቁ አይደነግጥም፤ እሷም አትደነግጥም። ጡረታ ከወጣች ወዲህም ጠባይዋ ያው ነው። የምትሄድበትን ታውቃለች፤ ራሷ ረግጣ ያልሞከረችውን ፍሬን ግን ማንም ቢምልላት አታምንም።

ይህችው ሴት ናት እንግዲህ ባለፈው ዓመት በወንድሟ ፊት አንገቷን የደፋችው። አባቷ ኢልማሪ ሲሞቱ በወንዙ እጥፋት ያለችውን ማድፈጫ ለእሷ ነበር የተዉላት። በጥድ ረግረግ መሀል በግንድ የተሠራች፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ መደብ ናት፤ ከላይዋ የተቀመጠ ሰው አጋዘኖች ወደ ወንዙ የሚወርዱበትን ጠባብ መተላለፊያ ቁልቁል ያያል። ሌምፒ እዚያ ተቀምጣ፣ ሠላሳ-ሠላሳ በሚባለው የአባቷ ጠመንጃ፣ ቀንዱ የተንሰራፋ ወንዴ አጋዘን ተኮሰች። አጋዘኑ ግን አልወደቀም። ረግረጉን ሰንጥቆ፣ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ገባ። የማዶው መሬት ባለቤት ደግሞ ለቆሰለ አውሬ ፍለጋም ቢሆን የሰው እግር አያስረግጥም። በማግስቱ ሌምፒ ከወዲህኛው ዳር ቆማ ቁራዎች ከጥዶቹ በላይ ሲዞሩ አየች። ያ ሁሉ ሥጋ ለማንም ሳይሆን መቅረቱ አንጀቷን በላው፤ ከዚያ በላይ ግን አውሬው እንዴት እንደሞተ አለማወቋ እንቅልፍ ነሳት።

የአደን ጎጆ በዚያ አገር የራሱ ሕግ አለው። ተኩሶ የሳተ ወይም አቁስሎ ያጣ ሰው፣ በዚያው ቀን የሸሚዙ የኋላ ዘርፍ በመቀስ ይቆረጥና ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት ግድግዳ ላይ በምስማር ይመታል። አንዴ የተመታ ዘርፍ አይወርድም። የኬስኪታሎዎች ጎጆ ግድግዳ እንዲህ ባለ ጨርቅ ከተሞላ ቆይቷል፤ ባለ መስመሩ፣ አረንጓዴው፣ በጭስ የጠቆረው ሁሉ አለ። መቀሱን የሚይዘው የኢልማሪ የድሮ ወዳጅና የጎጆው ወጥ ሠሪ ቨርን ነው። የሌምፒንም ዘርፍ እሱ ቆረጠ።

"ሠላሳ-ሠላሳ የአይጥ ጠመንጃ ነው ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ?" አላት ታላቅ ወንድሟ ኡርሆ፣ የእሷ ጨርቅ ላይ ምስማሩን እየመታ። ኡርሆ ከብረት ማዕድን ማውጫ ጡረታ የወጣ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ ሰው ነው። ማድፈጫዋ ለእህቱ በመሰጠቷ የገባበት ቅሬታ እስከዛሬ አልወጣለትም። "አባባ ቢያዝኑብኝም እውነቱን ልናገር። ያ ቦታ ቀልድ አይደለም። ተመትቶ እዚያው የሚደፋ ካልሆነ ወንዙ ይወስደዋል።"

"ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?"

"የሚመጣው ዓመት ደግሞ አንድ አጋዘን ከተሻገረብሽ፣ ወይ መተኮስ ካቃተሽ፣ ማድፈጫዋ የእኔ ናት።"

"ይሁን" አለችና እጇን ዘረጋችለት። ቨርን ምስክር ሆኖ ቆመ። ሌምፒን ነገሩ አላስጨነቃትም፤ ጠመንጃው ካነሰ ተለቅ ያለ ይገዛል፣ ይኸው ነው ብላ ነበር።

በመኸር፣ ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ፣ ወደ ዴል ፕሮቮስት ጠመንጃ ቤት ሄደች። ዴል ከመደርደሪያው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ ደንበኛ ሲገባ ከመነሳት ይልቅ በጥያቄ የሚቀበል ሰው ነው።

"ምን ልትገድዪ ነው የመጣሽው?"

"አጋዘን።"

"እሱንማ ያለሽው ጠመንጃ ይገድላል።"

"ገድሎም ይሆናል። የሞተው ግን ከማዶ ነው። እኔ የምፈልገው ከወዲህ የሚሞት አጋዘን ነው።"

ዴል አገጩን አከከና አራት ጥይቶች አምጥቶ ፊቷ አቆመ። እሷ የምታውቀው ዓይነት ናቸው፤ ከቃታው በታች ያለውን የብረት ቀለበት ወደፊት ገፍቶ መልሶ በመሳብ ለሚቀባበል ጠመንጃ የሚሆኑ፣ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ። እዚያ ጠመንጃ ውስጥ ጥይቶቹ በቱቦ ተሰልፈው የአንዱ አፍንጫ የሌላውን መቀመጫ ስለሚነካ፣ ሹል ጥይት የሚያጎርስ ሰው ሞቱን አጎረሰ ማለት ነው።

"ይቺ ያንቺው ሠላሳ-ሠላሳ ናት" አለ ዴል በጣቱ እየነካ። "ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጨዋ። ይቺኛዋ ሠላሳ አምስት ትባላለች፤ ትንሽ ወፈር ያለች እህቷ ናት። ይሄ ቁጥሩ አራት አራት አራት ስለሆነ ሦስቱ አራት የምንለው ነው፤ ወንድምሽ የሚይዘው።"

"ኡርሆ የሚይዘውን አልይዝም።"

"ለምን? ጥሩ ጥይት ነው እኮ።"

"ጥሩ ይሁን። ብገድልበት በእኔ ጥይት ነው የገደለችው ይላል።"

ዴል ሳቀና የመጨረሻውን አነሳው። የሌምፒን አውራ ጣት ያህል ይወፍራል። "እንግዲያው ይሄ ነው። አርባ አምስት-ሰባ። አያቶቻችን በባሩድ ጭስ ይተኩሱት የነበረ ነው። እርሳሱ ከባድ ነው፤ አይቸኩልም፣ ግን አይመለስም። በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ቁጥቋጦ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጭራሮ ቢያገኝ አጭዶት ያልፋል።"

"የእኔ ቦታ ጭራሮ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ሌምፒ ጥይቱን በመዳፏ ይዛ መዘነችው። ቀኝ ትከሻዋ ጤነኛ አይደለም፤ የአውቶቡሱን በር በእጅ እየሳበች ስትከፍትና ስትዘጋ ነው ያበላሸችው። ያን ለዴል ነገረችው። ዴልም አርባ አምስት-ሰባ በተለያየ ኃይል እንደሚሞላ፣ ብርቱው ለድብና ለጉረኛ እንደሚሆን፣ ለስላሳው ግን ለአጋዘን ከበቂም በላይ እንደሆነ ነገራት። ጠመንጃውንና ለስላሳውን ጥይት ገዛች። ጉረኛ ተብሎ በስም ያልተጠራውን ሰው ግን ሁለቱም ያውቁታል።

የአደን ወቅት ከሚከፈትበት ቀን በፊት ባለው እሁድ ሦስቱም፣ ሌምፒ ኡርሆና ቨርን፣ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ወደ አሮጌው የጠጠር ጉድጓድ ሄዱ። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ የጋዜጣ ክምር በካርቶን ጠቅጥቀው አሰለፉ። የእርጥብ ጋዜጣ ነገር እንዲህ ነው፤ ጥይቱ ስንት ክምር እንደበሳ፣ ሲወጣም ምን ያህል እንደተንጨፈረረ አይቶ ሰው ሁሉ እስከ ፋሲካ ይከራከርበታል።

ኡርሆ ሦስቱ አራቱን ተኮሰ። እርሳሱ ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ ተገኘ፤ ተንጨፍርሮ እንጉዳይ መስሏል። ኡርሆ ደረቱን ነፋ። ሌምፒ ተንበርክካ፣ ሰደፉን ከትከሻዋ አጥብቃ ተኮሰች። ጠመንጃው ገፋት እንጂ አልረገጣትም። ቨርን ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እየከፈተ እስከ መጨረሻው ሄደ።

"የለም" አለ።

"ስታለች ማለት ነው" አለ ኡርሆ።

"አልሳተችም። ሁሉንም በስቶ ወጥቷል። ከጉድጓዱ ግድግዳ በአካፋ ካላወጣነው አናገኘውም።"

ሌምፒ ቀለሁን ከመሬት አንስታ እንደ ፊሽካ ነፋችው። ኡርሆ ያን ቀን እስከ ቤቱ ድረስ አኮረፈ።

ሁለቱ ከሄዱ በኋላ እሷ ቀረች። ከመኪናዋ ጀርባ፣ ከማድፈጫው ፊት ለፊት ራሷ ቆርጣ ያመጣችው የቁጥቋጦ ጭራሮ ነበር፤ ከመጻፊያ እርሳስ እስከ አውራ ጣት የሚወፍር። ጭራሮ አጭዶ ያልፋል ብሎ ዴል ምሏል፤ ኡርሆም በየዓመቱ ይምላል፤ ቨርንም ራሱን ይነቀንቃል። ሦስት ወንድ ተስማማ ማለት ግን ፍሬኑ ይሠራል ማለት አይደለም።

ከጎጆው ጓዳ፣ ከአሮጌ ጨርቅ ሳጥን ውስጥ፣ ሰፊ፣ ቀይ ባለ ዳማ ጥለት ሸሚዝ አውጥታ ነበር። በሳንቃ ላይ ወጥራ፣ የልብ ቦታ ላይ በከሰል የቡጢ ያህል ክብ ሠራችበት። መጀመሪያ ያለ ጭራሮ ተኮሰች፤ ጥይቶቹ ክቡ ውስጥ ተቃቅፈው ገቡ። ከዚያ ከሸሚዙ ፊት፣ ጥቂት እርምጃ ወጣ ብላ፣ ጭራሮዎቹን ጠጠሩ ላይ ተከለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

የመጀመሪያው እጅጌውን ቀደደው። የሚቀጥለው አንገቱ ላይ በጎኑ ገብቶ እንደ ሳንቲም ማስገቢያ ያለ ቀዳዳ ተወ። ሌላው የትም የለም፤ ሳንቃውንም አልነካም። አንዱ ብቻ ምንም እንዳልነካው ሁሉ ቀጥ ብሎ ክቡ ውስጥ ገባ፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው አንዱ ነው፣ ሰው እሱን ያስታውስና ሌሎቹን ይረሳል። የአባቷን ሠላሳ-ሠላሳ አምጥታ ደገመችው። እሱም እንደዚያው ተበታተነ። ወፍራሙም ቀጭኑም ለጭራሮ እኩል ተሸናፊ ነው።

ሌምፒ ብቻዋን ሳቀች። ባለፈው ዓመት ጥፋቱ የእሷም የጠመንጃውም አልነበረም፤ አጋዘኑ ከቁጥቋጦ ኋላ ቆሞ ነው የተኮሰችው። ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት። ሸሚዙን ከሳንቃው ነቅላ ስታጥፈው ግን የኋላ ዘርፉን አጣችው። ተቀድዶ አይደለም፤ በመቀስ ተቆርጦ ነው። ከጎጆው ምድጃ በላይ የተመታው ቀይ ዘርፍ ትዝ አላትና የማን ሸሚዝ እንደሆነ ያኔ አወቀች፤ መኪናዋ ጫፍ ላይም ቁጭ አለች።

አባቷ በመጨረሻው የአደን ዘመናቸው፣ ከዚያችው ማድፈጫ፣ አንድ አጋዘን አቁስለው ወንዙ ወሰደባቸው። ጎጆ ገብተው "ጭራሮ መታሁ" አሉ። ኡርሆ "የሳተ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው" ብሎ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቀ። ዘርፋቸውን ቆረጡባቸው። ይህ የጎጆው ደንብ ነው፣ ማንም አይከፋበትም። በማግስቱ ግን ኡርሆ ጠመንጃቸውን ወስዶ ቤቱ ቆለፈበት። "ዓይንዎ ደክሟል አባባ" አላቸው። "ለራስዎ ብዬ ነው።" ኢልማሪ አልተከራከሩም። ከዚያ በኋላ በየመክፈቻው ጎጆ ውስጥ ከቨርን ጋር ድንች ሲልጡ ዋሉ፤ ተኩስ ሲሰሙ ቢላዋቸው ቆም ይል ነበር። ጠመንጃው ወደ ሌምፒ የመጣው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

ያን ቀን ሌምፒም ስቃ ነበር። አሁን ደረቷን የወጋት ይህ ነው።

እንዲያም ሆኖ የመጣችበትን አልረሳችም። የትኛውን ይዛ ትግባ? ሠላሳ-ሠላሳው ንጹሕ ነው፣ ስሙ በከንቱ ነው የጠፋው። ቢሆንም ጥርት ባለ ቦታ ላገኘችው አጋዘን ወፍራሙ እርሳስ ይበልጣል፤ ገብቶ ይወጣል፣ ከሁለት ቀዳዳ የሚደማ አውሬ ሩቅ አይሄድም፣ ቢሄድም ዱካው በረዶ ላይ አይጠፋም። አርባ አምስት-ሰባን መረጠች። "ለወንዙ ነው" አለች ለራሷ፣ "ለጭራሮው አይደለም።" ሸሚዙን ግን ከወንበሯ ጀርባ ሸጎጠችው። ኡርሆን እዚያው ስልክ ደውላ ልታሳፍረው ትችል ነበር፤ ነገሩ የጥይት ወሬ ብቻ ስላልሆነ አፏ አልታዘዝ አላት። ወቅቱ ይለፍና እነግረዋለሁ አለች።

የመክፈቻው ቀን ጥርት ብሎ ነጋ። ሌሊት የወረደው በረዶ ረግረጉን አልብሶት ነበር። ሌምፒ ብርቱካናማ ኮቷን ደርባ፣ ሄል የገባበት ዳቦና ቡና በፔርሙስ ይዛ ማድፈጫዋ ውስጥ ተመቻችታ ሳለ፣ አንድ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የታጠፈ ትልቅ ወንዴ ከጥዶቹ ወጣ። ቀስ ብሎ መጣና ከቁጥቋጦው ኋላ ቆመ። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ትከሻው በጭራሮው መሀል ይታያል፤ ትንፋሹም ይታያል። ሌምፒ አነጣጥራለች፣ ጣቷ ቃታው ላይ ነው። አንድ እርምጃ፣ አንዲት እርምጃ ብቻ ወደፊት ቢራመድ ጥርት ያለ ቦታ ይወጣል።

አልተራመደም። ቆይቶ ቆይቶ ቁጥቋጦውን እንደ መጋረጃ እያደረገ ወደ ላይ ሄደና ጥዱ ዋጠው። ሌምፒ የተወጠረውን የጠመንጃዋን መምቻ ቀስ አድርጋ መለሰችና ከዳቦዋ ቆረሰች። ተናድዳለች፤ የሠራችው ትክክል ለመሆኑ ግን ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረችም።

ኡርሆ ከላይኛው ማድፈጫው ሲመለስ በእሷ በኩል አለፈና ዱካውን አየ። ዱካ ያየ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። ጎጆ ገብተው፣ ቨርን ሥጋና ድንች በሊጥ የተጠቀለለበትን ፓስቲ ከምድጃ እያወጣ ሳለ ጀመረ።

"ቨርን፣ አጋዘኑ ፊቷ ቆሞ፣ በረዶው ላይ ሸንቶ፣ ተዝናንቶ ነው የሄደው። ሰላም ብሏት ሄዶ ይሆናል።"

"ሰላም ብሎኛል። አንተንም ጠይቆሃል" አለች ሌምፒ።

"ያን መድፍ ለምን ገዛሽው ታዲያ? ለጌጥ ነው?"

"ከጭራሮ ኋላ ነበር።"

ኡርሆ ማንኪያውን ጣለና ሳቀ። "ጭራሮ። የአባባን ቋንቋ ጀመርሽ በይኛ።"

ቨርን ሳህኑን እንደያዘ ቆመ። ኡርሆ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ የባሰውም እሱ ነው። "ስሚ ሌምፒ። ባለፈው ዓመት የሆነው አስደንግጦሻል፣ አይፈረድብሽም። ትከሻሽም ታሟል። መተኮስ ካቃተሽ ተባብለን የለ? ከነገ ጀምሮ ማድፈጫዋን እኔ ልያዛት። ለራስሽ ብዬ ነው።"

ያቺን ቃል ስትሰማ ሌምፒ ተነሳች። ኮት እንኳ ሳትደርብ ወደ መኪናዋ ወጣች፤ ተመልሳ ፓስቲውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አላት ኡርሆ።

"ክቡ ውስጥ ያሉት ያለ ጭራሮ የተተኮሱ ናቸው። እጅጌው፣ አንገቱ፣ ይሄ ጎኑ ደግሞ በጭራሮ። ይሄ የአርባ አምስት-ሰባ፣ ይቺ የሠላሳ-ሠላሳ። የቀሩት የት እንደገቡ አላውቅም።"

"እጅሽ ተንቀጥቅጦ ይሆናል።"

"ክቡን እየው፣ ተንቀጥቅጧል?"

ኡርሆ ክቡን አየ። "ሦስቱ አራት እንዲህ አያደርግም" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልሞላም።

"የጠጠሩ ጉድጓድ የትም አልሄደም። ሂድና ራስህ ሞክረው።"

ኡርሆ ሸሚዙን አንስቶ ጥይቱ በኋላ የወጣበትን ሊያይ ገለበጠው። ጣቱ ቀዳዳዎቹን እየዳሰሰ ወደ ታች ወረደና ዘርፉ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ወደ ግድግዳው አየ። ቀይ ዳማ ጨርቅ፣ በእሱ መዶሻ የተመታ፣ "ኢልማሪ" የሚል ተጽፎበት፣ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል።

"ጭራሮ መታሁ ብለው ነበር" አለ ቨርን ቀስ ብሎ። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ድንች ስንልጥም አንድ ሁለቴ ደግመው ነግረውኛል። እሺ እያልኩ አልፌያቸዋለሁ።"

ኡርሆ ሸሚዙን መልሶ አጠፈው፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ ሱቅ ውስጥ እንደሚታጠፍ አድርጎ። ከዚያ ወጥቶ እንጨት ሲፈልጥ ቆየ። ጎጆው ለሁለት ክረምት የሚበቃ እንጨት ነበረው።

በማግስቱ ሌምፒ ማድፈጫዋ ውስጥ ሳለች ከጠጠሩ ጉድጓድ በኩል ተኩስ ሰማች። የሦስቱ አራት ድምፅ ነው፤ ታውቀዋለች። ትንሽ ጸጥ ይልና ይደግማል። እንደገና ጸጥ። በመጨረሻ ረጅም ዝምታ ሆነና፣ ፀሐይዋ ጥዶቹ ላይ ስትወጣ ኡርሆ ጠመንጃውን ሳይሆን የእጅ መጋዝ ይዞ መጣ። ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቶ መቁረጥ ጀመረ። በአደን ወቅት መጋዝ ይዞ የሰው ማድፈጫ ፊት መቆም የእብድ ሥራ ነው፤ ሌምፒ ግን አላስቆመችውም። ከማድፈጫው እስከ መተላለፊያው ድረስ ጭራሮውን እየቆረጠ፣ እየጎተተ፣ እየከመረ ዋለ። ላቡ በረዶው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

"ያለውን አጋዘን ሁሉ አባረርክልኝ" አለችው በኋላ፣ ከፔርሙሱ እየቀዳችለት።

"ይመለሳሉ።" ጠጣና ኩባያውን መለሰላት። ዓይኑን ከወንዙ አላነሳም። "የእኔም እንዳንቺው ተበታተነ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው።"

"አውቃለሁ፣ ሰምቼሃለሁ።"

"ማድፈጫዋ የአንቺ ናት። አባባ ለምን ለአንቺ እንደተዉልሽ ነው ስብሰለሰል የኖርኩት። አሁን ገባኝ።" ጉንጩን በጓንቱ ጠረገ። "ጠመንጃውን ስቀማቸው ሰደፉን ይዘው ነበር እኮ። ለቀቅ አላደረጉትም። እኔ ነኝ ከእጃቸው ያላቀቅኩት።"

"እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ምንም አላልኩም" አለችው። እውነቱ እሱ ነበር፣ ሌላ የምትሰጠውም አልነበራትም።

አጋዘኖቹ ተመለሱ። ሳምንቱ ሳይገባደድ፣ በረዶ እየጣለ ሳለ፣ ያ ቀንዱ የታጠፈው መጣ። ቁጥቋጦው ወደነበረበት ደርሶ ግራ የገባው ይመስል አንገቱን አነሳ። በመሀላቸው አንዲት ጭራሮ አልነበረችም። ሌምፒ ከትከሻው ኋላ አነጣጥራ ቃታውን ሳበች። ጠመንጃው ገፋት፤ አጋዘኑ ታጠፈ፣ ዘለለ፣ ወደ ወንዙ ሮጠ። ቀለበቱን ገፍታ መልሳ አቀባበለችና ቆማ ጠበቀች። ጭንቅ አልያዛትም፤ ያየችውን አይታለች። ዳሩ ጋ ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳውና በጎኑ ወደቀ። በሁለቱም ወገን ያለው ደም ነጩ በረዶ ላይ እንደ ሰፊ መንገድ ተዘርግቷል። አጠገቡ ተንበርክካ እጇን አንገቱ ላይ አኖረች፤ ሙቀቱ እስኪቀንስ ድረስም አልተነሳችም።

ኡርሆ ተኩሱን ሰምቶ ገመድ ይዞ መጣ። ከአጋዘኑ እስከ ውኃው ያለውን አየና ራሱን ነቀነቀ። ጎትተው ጎጆ ደጅ ሰቀሉት። ቨርን ጉበቱን በሽንኩርት ጠብሶ፣ ቅቤም ሳይሰስት፣ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ኡርሆ ግን አልተቀመጠም።

"ቨርን፣ መቀሱን አምጣ።"

"ለምን? ማን ሳተ?"

ኡርሆ ጀርባውን ሰጥቶ የሸሚዙን ዘርፍ ከሱሪው አወጣ። "እኔ።"

"ዘንድሮ አጋዘን ላይ አንድ ጥይት አልተኮስክም። መጋዝ ይዘህ ነው የከረምከው።"

"ዘንድሮ አይደለም።"

ቨርን ወደ ሌምፒ አየ። ከዚያ መቀሱን ከምስማሩ አውርዶ ቆረጠ። ኡርሆ ምስማር መንቀያ ሹካ ያለውን መዶሻ አነሳና ከምድጃው በላይ ወዳለው ቀይ ጨርቅ ሄደ። በዚያ ጎጆ ከግድግዳ ዘርፍ ያወረደ ሰው ኖሮ አያውቅም። ዝጎ የከረመው ምስማር ሲነቀል ጮኸ።

የአባቱን ዘርፍ አቧራውን አራግፎ ለሌምፒ ሰጣት። በዚያው ምስማር የራሱን መታ።

"ስምህን ልጻፍበት?" አለ ቨርን።

"ጻፍ። ዓመቱን ግን የዛሬውን አታድርገው። የያኔውን ጻፍበት።"

ሌምፒ ቀዩን ጨርቅ ከሸሚዙ ጋር አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ከምድጃው በላይ፣ የኢልማሪ ዘርፍ ተሰቅሎበት የኖረው ሳንቃ ጭስ ሳይነካው ነጥቶ ቀርቷል፤ የኡርሆ ጨርቅ አንሶ ሙሉ በሙሉ አልሸፈነውም።